የእቴጌይቱ ቀሚስ በመዝገብ ቋንቋ

በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በሐር ክር የተጠለፈ አንድ የጥጥ ቀሚስ አለ። የመለያ ቁጥሩ የሚያበቃው በ1869 ነው። ይህ ዓመት ጥጡ የተፈተለበት ወይም ጥልፉ የተጠለፈበት አይደለም፤ ሙዚየሙ ቀሚሱን የተረከበበት ነው። ሰጪ ተብሎ የተመዘገበው ደግሞ የብሪታንያ መንግሥት የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። በቁጥሩ ከሄድን የቀሚሱ ዕድሜ የሚቆጠረው ለባሿ ከሞቱ በኋላ ነው። ለባሿ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት እቴጌ ጥሩወርቅ ነበሩ።

ሕንድን እዚህ ምን አገባት የሚል አንባቢ አይጠፋም። በሮበርት ናፒየር ተመርቶ ዐፄ ቴዎድሮስን የወጋው የብሪታንያ ጦር የተነሣው ከቦምቤይ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሠዉ። የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ እዚያ ለሁለት ቀን ተጫረቱበት፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋር ስለነበር ለሙዚየሙ ይገዛ ነበር። እቴጌይቱ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ዐረፉና ጨለቆት ተቀበሩ። አብዛኛው የመቅደላ ዕቃ ከቤት ወደ ሙዚየም የተሻገረው እንግዲህ በሐራጅ በኩል ነው። ተጫራች ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ከምን ተሠራ? ስንት ያወጣል? የሙዚየም ካርድ ሁለተኛውን ጥያቄ ተወ፤ የመጀመሪያውን ግን ወረሰ።

ውርሱ የሚታየው በአመዳደቡ ነው። በትልልቆቹ የአውሮፓ ሙዚየሞች ጨርቅ ለጨርቅ ክፍል፣ ብርና ወርቅ ለብረታ ብረት ክፍል፣ ፎቶግራፍ ለፎቶግራፍ ክፍል ይሰጣል። ምክንያት የለውም አልልም። ሐርና ብር አንድ መሳቢያ ውስጥ አይኖሩም፤ የሚፈልጉት እርጥበት ይለያያል። መደርደሪያው ስለተለያየ ግን መዝገቡ መለያየት አልነበረበትም። የአንድ ቤት የሆኑት ቀሚስ፣ ዋንጫና የልጅ ምስል ሦስት ክፍል ገብተው እንደማይተዋወቁ ባዕዳን ተቀምጠዋል። የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2018 እ.ኤ.አ. የመቅደላን 150ኛ ዓመት አስታኮ 20 ዕቃዎችን በአንድ ቦታ ሲያሳይ ዘመዳሞቹ ለጊዜውም ቢሆን ተገናኙ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ጨርቅ ነው። በአማርኛ ልብስ የሚታወቀው በስሙ ብቻ ሳይሆን በግሡም ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋል፤ ለቅሶ የደረሰች ታዘቀዝቃለች፤ ከትልቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ያደገድጋል። ጨርቁ ያው አንድ ነው። ጥለቱ የት እንደዋለ ያየ ሰው ግን ሳይጠይቅ ሐዘን ይሁን ደስታ ያውቃል። በመሳቢያ ተዘርግቶ የተኛ ነጠላ «ሻውል፣ ጥጥ፣ ነጭ፣ ባለ ጠርዝ» ተብሎ ሲመዘገብ ግሡን አጥቷል ማለት ነው። ጋቢን «ብርድ ልብስ» ማለትም እንዲሁ ነው፤ አራት ድርብ መሆኑን ያልጻፈ ካርድ ጋቢን ገና አላየም።

«ሠሪው ያልታወቀ» የሚለው መስመርም ያሳስበኛል። እውነት ነው፣ የጠላፊው ስም አልተጻፈም። ነገር ግን በደጋው አገር ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ እንደነበረ ማንም ያውቃል። ስለዚህ ስሙ ባይታወቅም ጨርቁ ቢያንስ ሁለት እጅ አለበት፤ ጥልፉ ሲታከል ደግሞ ሦስት። «ፈታይ፣ ሸማኔ፣ ጠላፊ» ብሎ ሦስት ባዶ መስመር መተው «ያልታወቀ» ብሎ በአንድ ከመዝጋት ይሻላል። ባዶ መስመር ተመራማሪን ይጠራል።

ወደ ገበታው ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ያስቃል። ዛሬ ዋንጫ የሚል ቃል የሰማ ወጣት የሚያስበው ኳስ ነው። የቀንድ ዋንጫ ግን የጠጅ ዕቃ ነበር፤ በብር ሲለበጥ ደግሞ የባለቤቱን ማዕረግ ይናገራል። «የመጠጥ ኩባያ» የሚል ካርድ አሳላፊው አስቀድሞ በመዳፉ አፍስሶ ይቀምስ እንደነበረ አይነግረንም። መርዝ የሌለበት መሆኑ የሚረጋገጠው በዚያ ነበር፤ ኩባያው ብቻውን የሥርዓቱ ግማሽ ነው። ኅዳር 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡት የመቅደላ ቅርሶች መካከል ከአንድ ዘውድና ከአንድ ጋሻ ጋር በብር የተለበጡ የቀንድ ዋንጫዎችም ነበሩ። ሼሄራዛድ የተባለው ፋውንዴሽን ቅርሶቹን ገዝቶ ነው የመለሳቸው፤ ከመካከላቸው በእንግሊዝ አገር ለሐራጅ ሊቀርቡ የነበሩ አሉ። በሐራጅ የወጣ ዕቃ በግዢ ተመለሰ።

ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ እንላለን። ለመዝጋቢ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ንቃቱ፣ የሌማቱ ጭስ፣ በነጠላ ጠርዝ ላይ የቀረው የራስ ቅቤ፣ ሁሉም ማስረጃ ነው። አጥቦና አብርቶ የሚመዘግብ ሰው ማስረጃውን አብሮ ያጥባል።

ምስሎቹስ? ከዐፄ ቴዎድሮስ መልክ የቀረን አንዱ ሆልምስ ከሞቱ በኋላ የሣለው ነው። ልጃቸው ዓለማየሁ በ7 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1868 እ.ኤ.አ. በዋይት ደሴት በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ፎቶግራፉ የሚፈለገው በአንሺዋ ስም ነው፤ ካሜሮን ዝነኛ ስለሆነች ልጁ በሥራዎቿ ውስጥ አንድ ሥራ ሆነ። በዚያው ሰሞን ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲም የሐበሻ ልብስ ለብሶ ተነሥቷል። ሁለቱንም «በኢትዮጵያ ልብስ» ብሎ የሚገልጽ ካርድ ስህተት የለበትም፤ እውነትም የለበትም። ለአንደኛው የቤቱ ልብስ ነው፤ ለሌላው የትዕይንት። በልጁ ፎቶግራፍ ካርድ ላይ ሊኖር የሚገባው አንድ አጭር መስመር አለ፦ «የቀሚሱ ባለቤት ልጅ»። በቀሚሱም ካርድ ላይ «የዚህ ልጅ እናት»። ልጁ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀብሯል። በመዝገብ እንኳ ከእናቱ ጋር ቢገናኝ ለማንም የሚከብድ አይመስለኝም።

ጣት ወደ ለንደን ብቻ መጠቆም ግን ቀላል ነው። የእኛም መዝገቦች ብዙ ጊዜ የተቀዱት ከዚያው ቅጽ ነው፤ ቁመት፣ ስፋት፣ ቁስ፣ ሁኔታ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ምን ዓይነት ጥያቄ እየጠየቅን እንመዝግብ የሚለው ግን ለመዝጋቢው ኅሊና የቀረ ነው። መልካም አርአያ አዲስ አበባ ውስጥ አለ። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን የደረደረው በቁስ ወይም በክፍለ ሀገር ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፤ ከልጅነት እስከ ሞትና ከዚያም ወዲያ። ጎብኚው ዕቃውን የሚያገኘው ባለቤቱ ባገኘበት የዕድሜ ደረጃ ነው። አደራደሩ እንዲህ ከሆነ ካርዱም ሊሆን ይችላል።

የጥንት ጨርቅ በሙዚየም ከ50 ሉክስ በላይ ብርሃን እንዲያገኘው አይፈቀድም፤ አብዛኛውን ዘመኑን በጨለማ ይተኛል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የሚያገኘው ቀሚሱን ሳይሆን ካርዱን ነው። በቤታችሁ የአያት ሳጥን ካለ ስሙን በአማርኛ ወይም ባለቤቶቹ በሚናገሩት ቋንቋ አስቀድማችሁ ጻፉ። ቀጥሎ ማን ፈተለው፣ ማን ለበሰው፣ እንዴት ይለብሰው ነበር በሉ። ሜትሩን በመጨረሻ አውጡ፤ አያታችሁ ካለፉ በኋላም መለካት ይቻላል።