በአባይ ላይ የቀረ የግንበኛ እጅ

አባይን ለማየት ብዙ ሰው የሚመርጠው መስከረምን ነው፤ ሙላቱ ግርማ አለውና። የግንበኛ ሥራ ሊያይ የሚወርድ ግን መጋቢትን ይጠብቅ። በመጋቢት ከእስቴ ወገን፣ በአንዳቤት በኩል፣ ከደጋው ወደ ቆላው ወርዶ ሰባራ ድልድይ የሚደርስ ሰው ወንዙን በዓለት መሐል ጠቦ ያገኘዋል። ክረምቱን በሙሉ ጎርፍ ሲመታው የከረመው የድልድዩ እግር ያን ጊዜ ተገልጦ ይታያል። ከማዶ ጎጃም ነው፣ የሞጣ አገር። ከዚህ በጌምድር።

የድልድይ ሙያ የሚመዘነው በእግሩ ነው። የላዩን ንጣፍ እግረኛውም እንስሳውም ይረግጠዋል፤ ሲፈርስ ይጠገናል። እግሩ ግን አንዴ በውሃ ከተቦረቦረ ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ እዚህ ቦታ ቆሜ መጀመሪያ የማደንቀው ጠራቢውን ሳይሆን ቦታውን የመረጠውን ሰው ነው። አባይ ከጢስ እሳት ፏፏቴ ወዲህ ወደ ሸለቆ እየሰመጠ የሚወርድ ወንዝ ነው። እየሰመጠ ሲሄድ አንዳንድ ቦታ ላይ ጥቁር ዓለት ከሁለት በኩል ያጣብቀዋል። ግንበኛው ከእነዚህ አንዱን መረጠ። መሠረት መቆፈር ሳያስፈልገው ተፈጥሮ ባዘጋጀችለት ዓለት ላይ የመጀመሪያውን ድንጋይ አሳረፈ። በነሐሴ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ የሚመጣን ውሃ አሸዋ ላይ በቆመ ምሰሶ እቋቋማለሁ ማለት እብደት መሆኑን ያውቅ ነበር። ይህን ለማወቅ ደግሞ ወንዙን በአንድ ወቅት ማየት አይበቃም። ቢያንስ አንድ ክረምት ዳር ላይ ቆሞ፣ ውሃው የት ድረስ እንደወጣ ምልክቱን አይቶ፣ በበጋ ተመልሶ መለካት ያስፈልጋል።

ቅስቶቹም ያንኑ እውቀት ይናገራሉ። ለበጋው ውሃ አንድ ቅስት በበቃ ነበር። ሌሎቹ የተሠሩት ለክረምት ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ማለፊያ አጥቶ ግንቡን በደረቱ እንዳይገፋ መንገድ ተተወለት። ውሃን አግዶ ከመታገል አሳልፎ መሸኘት ይሻላል ያለ ሰው የሠራው ነው።

ቅስት ራሱ የሚገርም ነገር ነው። ድንጋይ መሸከም እንጂ መንጠልጠል አይችልም። ከሁለት ምሰሶ መሐል አንድ ረጅም ድንጋይ ቢጋደም ሆዱ ላይ ይሰነጠቃል። ግንበኛው ድንጋዮቹን ወደ አንድ ማዕከል እያዘነበለ ሲደረድራቸው ግን እያንዳንዱ ጎረቤቱን ይገፋል፤ ግፊያው ከድንጋይ ድንጋይ እየተላለፈ እግሩ ድረስ ይወርዳል። ዙሩ እስኪገጥም ድረስ ሁሉም የሚቀመጠው በእንጨት ካሳፎርማ ላይ ነው። የመጨረሻው ድንጋይ ገብቶ ኖራው ሲይዝ እንጨቱ ይነሳል። በጥልቅ ሸለቆ፣ በአባይ ላይ፣ ከበጋ መግቢያ እስከ ክረምት መዳረሻ ባሉት ወራት ያንን እንጨት ተክሎ፣ ድንጋዩን ጨርሶ፣ ጎርፍ ሳይደርስ መንቀል ሥራው ምን ያህል በቀን የተቆጠረ እንደነበር ያሳያል።

ድልድዩ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰብሯል። ስብራቱ ያሳዝናል፤ ነገር ግን የተቆረሰ ድፎ ዳቦ ውስጡን እንደሚያሳይ የጎንደር ዘመን ግንብ አሠራርም በእንዲህ ያለ ስብራት ይገለጣል። ከውጭ ፊቱ የተስተካከለ ድንጋይ በረድፍ ይሰደራል። ከውስጥ መጠኑ የተለያየ ድንጋይና ጠጠር በኖራ ታሽቶ ይሞላል። የውጩ ድንጋይ ለውስጡ ልብስ ነው፤ ጉልበቱ ያለው ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ደግሞ ዳኛው ኖራ ነው።

ኖራው ነገሩን ሁሉ ለወጠው። የዚህ አገር ሰው ግንብ ከዚያ በፊትም ያውቅ ነበር። ብዙ ሳይርቅ፣ ጋይንት ውስጥ፣ የድጓ ሊቃውንት የሚመሰክሩባት ቤተልሔም አለች። ከውጭ ሲያዩዋት ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ናት። ውስጧ ግን ከዚያ ክበብ እጅግ የሚቀድም፣ አራት ማዕዘን፣ በድንጋይና በእንጨት የተሠራ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ነው። ጸሐፊው ቶማስ ፓከናም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አይቷት በመጽሐፉ ጽፎላታል፤ የጋይንት ካህናት ግን መች ጠፍታባቸው ታውቃለች። የዚያ ዓይነት ግንብ የሚጠነክረው በድንጋዩ ረድፍ መሐል በሚጋደመው ወፍራም እንጨት ነው። ከአክሱም ጀምሮ የመጣ ጥበብ ነው፤ ጣሪያ ሥር ሆኖ ዝናብ ካልነካው ለዘመናት ይኖራል። ወንዝ ላይ ግን አይሆንም። ጭቃውን ጎርፍ ያጥበዋል፣ እንጨቱን እርጥበት ያበሰብሰዋል። አባይን በግንብ ለመሻገር ውሃ የማይፈታው ማያያዣ መምጣት ነበረበት።

እሱ የመጣው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። በዘመኑ እዚሁ አገር የኖረው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደጻፈው፣ ኖራ የሚሆነውን ድንጋይ በ1621 (እ.ኤ.አ.) ለይቶ ያገኘው ከህንድ የመጣ ሰው ነው። ብዙም ሳይቆይ በፏፏቴው አጠገብ በአላታ የመጀመሪያው የአባይ ድልድይ ተሠራ። ሰባራ ድልድይ የእሱ ታናሽ ነው፤ ሥራው የሚሰጠው ለሱስንዮስ ልጅ ለአፄ ፋሲል ነው። ሁለቱንም «የፖርቱጋል ድልድይ» ማለት ተለምዷል። ይህ ስያሜ ለሁለተኛው ፈጽሞ አይዋጥልኝም። ፋሲል በ1632 (እ.ኤ.አ.) ነግሠው ብዙም ሳይቆዩ ካቶሊኮቹን ሚስዮናውያን ከአገር አስወጡ። በአፈ ታሪክ ሰባት ድልድይ የሚቆጠርላቸው ንጉሥ ድልድዮቻቸውን ያሠሩት በዚህ አገር ሰው እጅ ነው፤ ከህንድና ከሌላም አገር የመጣው እውቀት አስቀድሞ በእነዚህ እጆች ገብቶ ነበር። በጎንደር ዘመን በግንበኝነትና በአናፂነት ስማቸው ይጠራ የነበረው ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። መሬት የተነፈጉ፣ በሙያቸው የተናቁ፣ በዚያው ሙያ ቤተ መንግሥት የገነቡ ሰዎች። ማንም ግንበኛ ስሙን በዚህ ድልድይ ላይ አልጻፈም። ከፊት የተሰደሩት ድንጋዮች ግን አንዱ ከሌላው በላይ ሲቀመጥ መጋጠሚያው በትክክል ከሥሩ ድንጋይ መሐል እንዲያርፍ ያደረገ እጅ ነበር፤ ለእኔ ያ በቂ ፊርማ ነው።

በመጋቢት የአውሮፓን የወንዝ ከተሞች ያየ ሰው የነገሩን ተቃራኒ ያያል። ፕራግ ላይ የቭልታቫ ወንዝ የሚያስፈራው ክረምቱ ሲወጣ፣ በረዶው ሲቀልጥ ነው። በ1342 (እ.ኤ.አ.) ከቻርልስ ድልድይ በፊት የነበረውን የዩዲት ድልድይ ያፈረሰው ከበረዶ ጋር የመጣ ጎርፍ ነበር። አዲሱ በ1357 ተጀመረ፤ 16 ቅስት ያለው፣ 516 ሜትር የሚረዝም። እሱም በ1890 ጎርፍ ግንድ አምጥቶ ሲደረድርበት ሦስት ቅስት ፈርሶበታል። ፈረሰ፣ ተሠራ፣ ዛሬ በዓለም ቱሪስት ይጨናነቃል። የፕራግ ሰዎች ኖራው በእንቁላል ታሽቷል ብለው ለልጆቻቸው ይነግራሉ። የእኛም ሽማግሌዎች ስለ ጎንደር ግንብ ያንኑ ይላሉ። በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የተራራቁ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ተረት መገናኘታቸው ደስ ይለኛል፤ ሁለቱም የግንቡ ምሥጢር ከድንጋዩ ይልቅ በማያያዣው መሆኑን ተረድተዋል።

እንቁላል ኖረም አልኖረም፣ ኖራ የራሱን ሥራ ያውቃል። ድንጋዩ በእሳት ይቃጠላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከአሸዋ ጋር ይታሻል። ከዚያ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። በወፍራም ግንብ ውስጥ ይህ ዓመታትን ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ግንቡ ትንሽ ቢንቀሳቀስም ኖራው አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ሳይሰነጠቅ ይገጥማል።

የሰባራ ድልድይ መሐል ከጠፋ በኋላም ቀሪው ግንብ ቆመ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከቅስት ጎን ለጎን የቆመ ቅስት ካለ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ምሰሶውን ወደ ክፍተቱ ይገፋዋል። ምሰሶው ቀጭን ከሆነ ተራ በተራ ሁሉም ይረግፋል። እዚህ አልረገፈም፤ የቆመው ክፍል ብቻውን እንኳ ግፊያውን እንዲችል ተደርጎ ወፍሯል። የእስቴና የሞጣ ሰው በዚያ ግንብ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ከሁለት ወገን ገመድ እየሳበ፣ ወገቡን በገመድ የታሰረ ሰው በክፍተቱ ላይ ሲያሻግር ዓመታትን አሳለፈ። ገበያ የሚሄድ፣ ዘመድ የሞተበት፣ የታመመ፣ ሁሉም በዚያ ገመድ አለፈ።

ናሽናል ጂኦግራፊክ በታኅሣሥ 2000 (እ.ኤ.አ.) እትሙ የዚያን የገመድ መሻገሪያ ፎቶግራፍ አወጣ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ አይቶት ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን ድርጅት በ2001 መሠረተ፤ በ2002 ክፍተቱ በብረት ተሞላ። በ2005 ጎርፍ መጥቶ ያንን መሻገሪያ ወሰደው፤ በ2009 ከውሃው ከፍ ያለ በገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተተካ። ተንጠልጣዩ ለሰው እግር የተሻለ ነው፤ ወንዙን አይነካውም፣ ወንዙም አይነካውም። መሻገሪያ ለሚያስፈልገው ገበሬ ደግሞ ከድሮው ግንብ ይልቅ እሱ መቅደሙ ትክክል ነው።

ከግንቡ የቀረው ግን ባለቤት ይሻል። በጣሊያን ዘመን የጎንደር ቤተ መንግሥታት በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠግነው ነበር፤ ኋላ ላይ ያ ጥገና ለግንቡ የማይስማማ መሆኑ ታውቆ ተነቅሎ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። ሲሚንቶ ከአሮጌው ኖራ ይጠነክራል፤ እርጥበቱን አያስወጣም፣ ግንቡ ሲንቀሳቀስ አብሮት አይንቀሳቀስም፣ ጎረቤቱን ድንጋይ ያፈርሳል። ሰባራ ድልድይ ላይ እጁን የሚያነሳ ሁሉ ኖራ ማቃጠል ከሚያውቅ ሰው ይጀምር። መለኪያውን በመጋቢት ይውሰድ፣ የውሃውን ምልክት በነሐሴ፤ ድንጋዩን ሳይነካ በፊት እያንዳንዱን ረድፍ ይሣል፤ ጎንደር ከተማ ውስጥ በጥገናው ላይ እጃቸው የተፈታ ግንበኞችን ይዞ ይውረድ።