የማንጎው ካርቶን

ቡታጅራ ውስጥ ስልክ ላይ ተደፍተን «ቦቺ ዘ ሮክ!»ን (2022) የጨረስን ጓደኛሞች ግምገማችን አንድ ነበር፦ «ኧረ ይቺ እኔ ነኝ!»

ጊታር ተጫዋቿ ቦቺ ሰው ስለምትፈራ ከባንዱ ጋር መጀመሪያ የምትጫወተው የማንጎ ካርቶን ውስጥ ተደብቃ ነው። ሳቅን። ግን ዓይናፋር ሴት «ጨዋ» ተብላ በምትመሰገንበት ቤት ስላደግን ካርቶኑን እናውቀዋለን።

እኛም አገር በ2005 ዓ.ም. የጀመረው የሬዲዮ ድራማ፣ «የኛ»፣ በሙዚቃ የተሳሰሩ አምስት ልጆችን አምጥቶልን ነበር። በ2009 ዓ.ም. የብሪታንያ መንግሥት ድጋፉን ሲያቆም ወሬው ሁሉ ስለ ገንዘቡ ሆነ፤ ዘፈኑ ተረሳ።

«የኛ» ሴት ልጅን «ተናገሪ» ይላታል፤ ደግ አደረገ። ቦቺ ግን አትመክርም፤ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ታሳያለች። ለምክሩ አጨበጨብኩ፤ ራሴን ያገኘሁት ግን ካርቶኑ ውስጥ ነው።