የተዳፋት ሥልጣኔ፦ ይፋት በወንዝ ሸለቆ ንድፈ ሐሳብ ሚዛን ላይ

በአገራችን የዓለም ታሪክ ትምህርት ሲጀመር አስቀድመው የሚጠሩት ወንዞች ናቸው፤ ጤግሮስና ኤፍራጥስ፣ ዓባይ፣ ኢንደስ፣ ቢጫው ወንዝ። ተማሪው ኡሩክን፣ ሜምፊስንና ሞሄንጆ ዳሮን በቃሉ ይይዛል። ሸዋ ሮቢት ተወልዶ ያደገ ልጅ ከሆነ ግን ከመንደሩ ሥር የሚወርደው ሮቢ ወንዝ፣ ከእሱ ወዲያ ያሉት ጀውሃና አታዬ በታሪክ ፊት ስም እንዳላቸው ማንም አይነግረውም። የሚኖርበት ቆላ መንገደኛ ወደ ደሴ ሲያልፍ ማንጎና ፓፓያ የሚገዛበት ሞቃት ስፍራ ብቻ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ይህ ምድር፣ ይፋት፣ ከመቶዎች ዓመታት በፊት ከተሞች የቆሙበት፣ ሱልጣኖች የነገሡበት፣ ስሙ እስከ ካይሮ የተሰማ አገር ነበር።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ፣ ሥልጣኔ የሚወለደው በታላላቅ ወንዞች ዳር ነው የሚለው የወንዝ ሸለቆ ንድፈ ሐሳብ ይፋትን ምን ያህል ያስረዳል የሚል ነው። የእኔ መከራከሪያ ይፋትን ታላቅ ያደረገው ደጋውን ከቆላው የሚያገናኘው ተዳፋት ነው የሚል ነው። አገሩን ያቆሙት አጫጭር ወንዞቹ፣ እርከኖቹ፣ ገበያዎቹና የሲራራ ንግዱ መንገድ በአንድነት ናቸው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንድፈ ሐሳቡ ምን ይላል?

ጎርደን ቻይልድ በ1950 «የከተማ አብዮት» ሲል በሰየመው ሐሳቡ፣ ከተማ የሚወለደው ገበሬው ከራሱ ፍጆታ የሚተርፍ እህል ሲያመርትና ያንን ትርፍ አንድ ማዕከል ሲሰበስበው ነው አለ። ካርል ዊትፎገል በ1957 ከዚህ አልፎ፣ ታላላቅ የመስኖ ሥራዎች ብዙ ጉልበት የሚያዝ ቢሮክራሲ ስለሚፈልጉ ፍጹም ሥልጣን ያለው መንግሥት ይወልዳሉ ሲል ተከራከረ። ሮበርት ካርኔሮ በ1970 ትኩረቱን ከውሃው ወደ ድንበሩ አዞረው፤ ለም መሬት በበረሃ ወይም በተራራ ተከቦ የተሸነፈው ወገን የሚሸሽበት ሲያጣ መንግሥት ይበቅላል አለ። ጄምስ ስኮት ደግሞ በ2017 የእህልን ባሕርይ አነሣ። ስንዴና ገብስ በአንድ ወቅት ይደርሳሉ፣ ይታያሉ፣ ይሰፈራሉ፤ ስለዚህ ለግብር ሰብሳቢ የተመቹ ናቸው።

አራቱም በሜሶፖታሚያ ምድር ላይ ሲለኩ ብዙ ያስረዳሉ። ኡሩክ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3300 አካባቢ ጽሕፈትን የጀመረችው ገቢና ወጪ ለመመዝገብ ነው። የአካዱ ሳርጎንም ከሺህ ዓመት ገደማ በኋላ የከተማ መንግሥታቱን አንድ አድርጎ ግዛቱን ወደ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት አሳደገ። ኢትዮጵያ ላይ ሲመጡ ግን ሚዛኑ ይዛባል። ዓባይ ለግብፅ ደለል የሚያድለው እኛ ዘንድ ጥልቅ ገደል ቆርጦ እያለፈ ነው፤ በገደሉ ዳር ጥንታዊ ታላቅ ከተማ አልሠራንም። አክሱምም ላሊበላም የቆሙት በደጋ ነው። አዋሽ ደግሞ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በዚሁ ሸለቆ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ሉሲ በ1974 ሐዳር ላይ ተገኝታለች። የሰው ዘር ጥንታዊ አሻራ ያለበት ሸለቆ ለምን የኡሩክን መሰል ከተማ አላበቀለም ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ መልሱን ከወንዙ ዳር ብቻ ከፈለገ አያገኘውም። ቀና ብሎ አፋፉን ማየት አለበት።

ከጣርማ በር እስከ ሮቢ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ጉም አለ፣ ብርድ አለ፣ ማሳው የገብስና የባቄላ ነው፤ ሰው ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ ይለብሳል። ዋሻውን አልፎ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወርድ ጆሮው ይደፈናል፣ ጋቢው ይወልቃል። ሸዋ ሮቢት ሲገባ ከፍታው ወደ 1300 ሜትር ዝቅ ብሏል፤ ማሳው ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ሆኗል። ሌላ አገር በሳምንታት ጉዞ የሚገኘው የአየር ንብረት ልዩነት እዚህ ግማሽ ቀን በማይሞላ ጉዞ ይገኛል። የይፋት ሀብት ምንጩ ይህ ቅርበት ነው። ደጋው የሌለውን ቆላው ያበቅላል፣ ቆላው የሌለውን ደጋው ያወርዳል፤ ሁለቱ የሚገናኙበትን ወገብ የያዘ ሕዝብ ከሁለቱም ይጠቀማል።

ሰውም የሠፈረው ይህንን አውቆ ነው። ታች አዋሽ ዳር ንዳድ አለ፤ ላይ አፋፉ ጫፍ ውርጭ አለ። ከ2000ዎቹ ወዲህ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ፍራንሷ ዣቪየ ፎቬልና በርትራን ሂርሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያጠኗቸው አስባሪ፣ ኖራና መሳል የተባሉ የጥንት ከተሞች ፍርስራሽ የሚገኘው በዚሁ ወደ አዋሽ በሚያይ ተዳፋት ላይ ነው። የመስጊድ ግድግዳ፣ ሚህራብ፣ የመኖሪያ ቤት ካብና የመቃብር ስፍራ ይታይባቸዋል። ይፋትን የገዛው የወላስማ ሥርወ መንግሥት የመቃብር ድንጋዮችም የዐረብኛ ጽሑፋቸውን እንደ ያዙ ተገኝተዋል። ሱልጣኖቹ በጠላት ዜና መዋዕል ብቻ የሚታወቁ ሰዎች አይደሉም፤ ስማቸው በገዛ አገራቸው ድንጋይ ላይ ተቀርጿል።

የጽሑፍ ማስረጃውም ሩቅ ይወስደናል። ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1941 ያሳተመው የዐረብኛ ዜና መዋዕል የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኔት ይተርካል፤ በመጀመሪያ የሚመዘግበውም የአንዲት ንግሥት፣ የማያ ልጅ ባዲት፣ በ1063 መሞቷን ነው። ይኩኖ አምላክ በ1270 ከነገሠ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1285፣ ዑመር ወላስማ ያንን ሱልጣኔት አፍርሶ የይፋትን ኃይል መሠረተ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሞተው ካይሮ የነበረው ጸሐፊ አል ዑመሪ ከዘይላ ሰው የሰማውን ሲጽፍ፣ በኢትዮጵያ ከነበሩት ሰባት የሙስሊም ግዛቶች ይፋትን ቀዳሚ አድርጎ ይቆጥራል። ጤፍና ማሽላን፣ ሙዝና ሎሚን፣ ሸንኮራ አገዳን ይጠቅሳል፤ 15000 ፈረሰኛ እንዳለውም ይናገራል። የሠራዊቱ ቁጥር የወሬ ነጋሪ ቁጥር ነውና በጥንቃቄ መያዝ አለበት። የሰብሎቹ ዝርዝር ግን ራሱ ይመሰክራል። ጤፍና ሙዝ በአንድ ገበታ የሚቀርቡት ደጋና ቆላ በተጎራበቱበት አገር ነው።

የውሃ አባትና ቢሮክራሲው

ዊትፎገል መስኖ ካለ ቢሮክራሲ አለ ይላል። የይፋት መስኖ ይህንን አያጸናም። እዚህ ያሉት ወንዞች ከአፋፉ በፍጥነት የሚወርዱ አጫጭር ወንዞች ናቸው። ገበሬው ውሃውን በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ይመራዋል፤ ክረምት የጎርፍ ኃይል ጠለፋውን ሲወስደው ተጠቃሚው ተሰብስቦ እንደ ገና ይሠራዋል። ተራውን የሚያስጠብቀው ከመካከላቸው የተመረጠ የውሃ አባት ነው። ማን ሌሊት፣ ማን ቀን እንደሚያጠጣ እሱ ይደለድላል፤ ተራ የሰረቀን ይቀጣል፤ ቦይ ለመጥረግ ያልወጣ ውሃ አያገኝም። የንጉሥ ሹም ሳይላክበት ሥርዓት ይጠበቃል።

ይህን የዛሬ ልማድ እንዳለ ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን መመለስ የአጥኚ ሥራ አይሆንም። የመሬቱ ጠባይ ግን ያው ነው፤ የማይቀየር ግዴታም ያስከትላል። ውሃው በትንንሽ ጠለፋዎች የተበተነ ስለሆነ አንድ ማዕከል በአንድ ግድብ ሊቆጣጠረው አይችልም። በአርጎባ መንደሮች ዙሪያ በድንጋይ ካብ የተሠሩት እርከኖችም የትውልዶች የጎረቤት ሥራ ናቸው። ስለዚህ የይፋት ሱልጣን ሥልጣኑን የሚያገኘው ከቦዩ አልነበረም። ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን፤ ያም መንገዱ ነው።

መንገዱና ጦርነቱ

ከሸዋ ደጋ ወደ ዘይላ የሚወርድ ነጋዴ ተዳፋቱን ሳይረግጥ ማለፍ አይችልም። ወርቅና የዝሆን ጥርስ በዚህ ይወርዳል፤ ጨርቅና የባሕር ማዶ ዕቃ በዚህ ይወጣል። ሰውም በባርነት እየተነዳ በዚሁ ወርዷል፤ የከተሞቹን ብልጽግና ስናደንቅ ይህንን ዋጋ መደበቅ አይገባንም። ወላስማዎች የመንገዱን በር ይዘው ቀረጥ የሚያስገቡ ገዢዎች ነበሩ። የደጋው ንጉሥ ደግሞ በሩ በሌላ እጅ መሆኑን መታገሥ አልቻለም። የይፋቱ ሐቅ አድ ዲን ከካይሮ ይመለስ የነበረውን የንጉሡን መልእክተኛ መያዙ የደጋውን ንጉሥ ዐምደ ጽዮንን ለዘመቻ ያነሣሣ ምክንያት ሆነ፤ በ1332ም በይፋቱ ገዢ በሰብረ አድ ዲን ላይ ሌላ ታላቅ ዘመቻ ተደረገ። ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት መጽሐፋቸው የዚህን ግጭት የንግድ ሥር አጉልተው አሳይተዋል። ነገሩን የሃይማኖት ጠብ ብቻ አድርጎ የሚያነብ፣ ሁለቱም ወገኖች በአንድ መንገድ ላይ መቆማቸውን ይስታል።

የካርኔሮ ሐሳብም እዚህ ግማሽ መልስ ብቻ ይሰጣል። ይፋት በውርጭና በንዳድ መካከል ተከብቦ ነበር፤ ነገር ግን ክበቡ በር ነበረው። የተሸነፈ ወገን መሸሻ አላጣም። የይፋቱ ሱልጣን ሰዓድ አድ ዲን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዘይላ ላይ ሲገደል ልጆቹ ወደ የመን ተሻግረው ተመለሱ፤ ኃይላቸውንም በምሥራቅ፣ በአዳል ምድር፣ እንደ ገና አቆሙ። በመንገድ የኖረ መንግሥት በመንገዱ ይፈርሳል፤ በመንገዱም ሌላ ቦታ ይነሣል።

መንገዱ ግን ከሱልጣኖቹም ከነገሥታቱም በላይ ኖሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የአንኮበር ሥር ገበያ አልዩ አምባ ከታጁራ የሚመጣውን ሲራራ ይቀበል ነበር። ዛሬም በሰንበቴ የእሑድ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛሉ፤ ደገኛው እህሉን፣ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይመጣል።

አውሳ፦ የተቃራኒው ማስረጃ

ከአዋሽ ጋር የተያያዘ አንድ እውነት ይህን ክርክር ይፈትነዋል። አዋሽ ከመጥፋቱ በፊት በሚተኛበት የአውሳ ሜዳ ጎርፉ ለም ደለል ይተዋል። የሐረር ኢማም ሙሐመድ ጋሳ በ1577 መቀመጫውን ወደዚያ አዛውሯል፤ በኋላም የአፋሩ የአውሳ ሱልጣኔት በዚሁ ምድር ጸንቷል። ወንዙ በሚንጣለልበት ቦታ የወንዝ ሸለቆ ንድፈ ሐሳብ ይሠራል ማለት ነው። ዊትፎገል የገለጸው ታላቅ የውሃ ቢሮክራሲ ግን ወደ አዋሽ የመጣው በ1960 የቆቃ ግድብ ከተሠራ፣ በ1962ም የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ ነው። ያ ቢሮክራሲ ጥጥና ሸንኮራ አበቀለ፤ የአፋርን አርብቶ አደር ግን በበጋ ከሚጠጋበት የወንዝ ዳር ግጦሽ አፈናቀለ። ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡ ስለ ወንዞቻችን እውነት የሚናገረው ቦታና ዘመን እየተለየ ነው።

ማጠቃለያ

ታሪካችን ይፋትን ለሁለት ከፍሎ ሲያነብ ኖሯል። የግእዙ ዜና መዋዕል ከላይ ሆኖ ያየዋል፣ የዐረብኛው ከታች ሆኖ ያየዋል፤ ሁለቱም ስለ ጦርነት ብዙ፣ ስለ እርከንና ስለ ገበያ ጥቂት ይነግሩናል። የጎደለውን የሚሞላው ድንጋዩ፣ ቦዩና ገበያው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚሁ መሬት ላይ ደም በፈሰሰበት ጊዜ ይፋትን አንድ አድርጎ ማንበብ የቤተ መጻሕፍት ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። ይፋት ሲበለጽግ የኖረው ደገኛና ቆለኛ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ ገበሬና አርብቶ አደር በአንድ ተዳፋት ላይ ሲገናኙ ነው፤ የደኸየውም በሩ ሲዘጋ ነው።

ስለዚህ ጥሪዬ ቀላል ነው። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው ሽማግሌዎች የአስባሪን፣ የኖራንና የመሳልን ድንጋዮች ለአዲስ ቤት ካብ ከመዋላቸው በፊት በጋራ ይጠብቋቸው። ግእዝ የሚያነበውና ዐረብኛ የሚያነበው አጥኚ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ፤ የውሃ አባቱም ይጠየቅ። የሸዋ ሮቢት ተማሪም ኡሩክን ባጠናበት ደብተር ላይ ኖራን ይጻፍ።