የትኛው ሃንቦክ? የኮሪያ ባህላዊ ልብስ ዳግም መነሣትና የ«ትክክለኛነት» ሙግት

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የደቡብ ኮሪያ የቅርስ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ቼ ኡንግ ቾን፣ በሶል ቤተ መንግሥቶች ዙሪያ ጎብኚዎች ተከራይተው የሚለብሱት ሃንቦክ ከጥንተ አሠራሩ እየራቀ፣ አገሩ የማይታወቅ ልብስ ወደ መሆን መድረሱን ለጋዜጠኞች ተናገሩ። የሃንቦክን ምንነት መልሶ መስመር የማስያዝ ጊዜው መድረሱንም ገለጹ። ነገሩ አከራከረ። ገሚሱ ሐሳቡን ደገፈ፤ ገሚሱ ደግሞ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ የተረሳውን ልብስ አውጥቶ ለወጣቱ ያለበሰው ይኸው የሚናቀው የኪራይ ሃንቦክ አይደለም ወይ ሲል ጠየቀ።

ሁለቱም ወገኖች ታዲያ አንድ ነገር አስቀድሞ እንደተፈታ አድርገው ይነሣሉ፦ «ትክክለኛው» ሃንቦክ ምን እንደሚመስል። የዚህ ዳሰሳ ጥርጣሬ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ዛሬ ባህላዊ ተብሎ የሚጠበቀው ቅርጽ ከረጅም ታሪክ ውስጥ ተቆርጦ የወጣ አንድ ምዕራፍ ነው። የልብሱን መነቃቃት ለዚያ ምዕራፍ ባለው ታማኝነት ብቻ መመዘን ከባዱን ጥያቄ ያስዘልላል፦ ልብሱን ማን ይሰፋዋል? ማንስ በሥራ ቀን ይለብሰዋል?

ሃንቦክ ክፍሉ ብዙ አይደለም። ከላይ ጆጎሪ የሚባል ባለ እጅጌ እጥፍ ልብስ አለ፤ ሴቶች ከሥሩ ቺማ የተሰኘውን ከደረት የሚጀምር ሰፊ ሽንሽን ቀሚስ፣ ወንዶች ባጂ የሚባለውን ሰፋ ያለ ሱሪ ይለብሳሉ። ለብርድና ለክብር ቀን ዱሩማጊ የሚባል ረጅም ካባ ይደረባል። ጆጎሪው ቁልፍ የለውም፤ ጎሩም በሚባሉ ሁለት ረጃጅም ማሰሪያዎች በቀኝ ደረት በኩል በአንድ ቀለበት ይታሰራል። በአንገቱ ዙሪያ ያለው ነጭ ክር መሳይ ጠርዝ ደግሞ ሲቆሽሽ ተፈትቶ በሌላ የሚተካ ነው። ጨርቁ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆረጣል፤ ሰውነት ላይ ተለክቶ እንዲጣበቅ አይደረግም፣ ቅርጹን የሚሰጠው የለባሹ እንቅስቃሴ ነው። ቺማው ተጠቅልሎ ስለሚታሰር የእናት ቀሚስ ለልጅ ያለ ብዙ ችግር ይሆናል።

ይህን ልብስ ወደ ኋላ ተከትሎ የሄደ ሰው ብዙ ዓይነት ሃንቦክ ያጋጥመዋል። ዛሬ በቻይና ግዛት ባለችው በጂያን ከተማ አካባቢ በሚገኙት የጥንታዊው የጎጉርዮ መንግሥት መቃብሮች ግድግዳ ላይ፣ በ5ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተሣሉ ጨፋሪዎች ወገባቸው ላይ በመቀነት የታሰረ ረጅም ጆጎሪ፣ ሱሪና ሽንሽን ቀሚስ ለብሰው ይታያሉ። ከ1392 እስከ 1910 በቆየው የጆሶን ዘመን ለነበረው ልብስ ደግሞ ዋነኛው ምስክር መቃብር ነው። የዘመኑ መኳንንት አስከሬን በኖራ፣ በአሸዋና በአፈር ድብልቅ በታሸገ ጉድጓድ ይቀበር ነበር። ድብልቁ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክርና አየር ስለማያስገባ፣ አብሮ የተቀበረው ሐርና ጥጥ ከአራት መቶ ዓመት በኋላም ሳይበሰብስ ይወጣል። በ1998 በአንዶንግ ከተማ ለቤቶች ግንባታ መቃብሮች ሲነሡ የተገኘው የዪ ኡንግ ቴ መቃብር በሰፊው የታወቀው በደብዳቤው ነው፤ በ1586 በወጣትነቱ ለሞተው ባሏ ነፍሰ ጡር ሚስቱ የጻፈችው የሐዘን ደብዳቤ ከአስከሬኑ ጋር ተቀምጦ ነበር። ለልብስ ታሪክ ግን አብረው የወጡት ልብሶች ከደብዳቤው አያንሱም። ከእንዲህ ያሉ የ16ኛው ክፍለ ዘመን መቃብሮች የሚወጣው የሴቶች ጆጎሪ ሰፊና ከወገብ የሚያልፍ ነው። ዛሬ በፖስታ ካርድ ላይ ከምናየው አጭር ጆጎሪ ጋር ቢቀመጥ የአንድ አገር ልብስ ነው ብሎ ለማመን ጊዜ ይፈጃል።

ማሳጠሩ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሠዓሊው ሺን ዩን ቦክ የሣላቸው ሴቶች ጆጎሪያቸው ከደረት ብዙም አይወርድም፤ እጅጌው ክንድ ላይ የተጣበቀ፣ ቀሚሱ እንደ እንስራ የተነፋ ነው። ፋሽኑን ያስፋፉት ጊሴንግ የሚባሉት አዝማሪና ተጫዋች ሴቶች ሲሆኑ የጨዋ ቤት ሴቶችም ተከተሏቸው። በዚያው ዘመን የኖረው ሊቅ ዪ ዶክ ሙ ስለ መልካም ጠባይ በጻፈው መጽሐፍ፣ ልብሱ ከመጥበቡ የተነሣ ለመልበስም ለማውለቅም እንደሚያስቸግር እየዘረዘረ በምሬት ነቅፏል። ሃንቦክ ተበላሸ የሚለው ሮሮ እንግዲህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የሚገርመው ያን ጊዜ እንደ ብልሹ የታየው ቅርጽ ዛሬ «እውነተኛው» ተብሎ የሚጠበቀው ቅርጽ አባት መሆኑ ነው።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና 20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በሌላ መንገድ ቀረጹት። በ1895 ወንዶች በአናታቸው የሚቋጥሩትን ጸጉር እንዲቆርጡ አዋጅ ወጣ፤ ሱፍ ልብስ በመሥሪያ ቤቶች ገባ። እንደ ኤሁዋ ባሉ የሴቶች ትምህርት ቤቶች ጆጎሪው ረዘመ፣ ቺማው እስከ ቅልጥም አጠረ፣ ደረትን የሚያፍነው ማሰሪያም በትከሻ ማንጠልጠያ ተተካ። የጃፓን ቅኝ ገዢዎች ነጭ ልብስን በመቃወም ባለ ቀለም ልብስ እንዲለበስ ዘመቻ ሲያካሂዱ፣ ነጭ መልበስ ራሱ የእምቢታ ምልክት ሆነ። ከኮሪያ ጦርነት በኋላ በመጣው ፈጣን የኢንዱስትሪ ዕድገት ሃንቦክ ከፋብሪካና ከቢሮ ወጣ። የቀረለት ሠርግ፣ የልጅ አንደኛ ዓመት ልደት፣ የጨረቃ አዲስ ዓመትና የመኸር በዓል ቹሶክ ነው። በየቀኑ የማይለበስ ልብስ ደግሞ እየከበደ፣ እያሸበረቀና እየተወደደ ይሄዳል፤ ሃንቦክም የደረሰበት ይኸው ነው።

በ2011 አንድ የሶል ታላቅ ሆቴል ሃንቦክ የለበሰች ዲዛይነርን ምግብ ቤቱ እንዳትገባ ከልክሎ፣ ልብሱ ሌሎችን ያደናቅፋል የሚል ምክንያት ሰጠ። ቁጣው ሲበረታ ይቅርታ ጠየቀ። የአንድ አገር ብሔራዊ ልብስ በራሱ ዋና ከተማ የደኅንነት ስጋት ሆኖ መቆጠሩ፣ የበዓል ልብስ መሆን የሚያስከፍለውን ዋጋ ከብዙ ጥናት በላይ ያሳያል።

ልብሱን ወደ ሥራ ቀን የመመለሱ ሙከራ ከታዋቂ ዘፋኞች በፊት የጀመረ ነው። በ1980ዎቹ በተማሪዎችና በዴሞክራሲ ታጋዮች ዘንድ የሕዝብን ባህል የማንሣት እንቅስቃሴ ነበር፤ ከዚያ መንፈስ «ሴንግህዋል ሃንቦክ»፣ ማለትም የዕለት ኑሮ ሃንቦክ፣ ተወለደ። ጨርቁ ጥጥ፣ ማሰሪያው ቁልፍ፣ ቀለሙ የተፈጥሮ ሆነ። በ1990ዎቹ ገበያው ሞቀ፤ መንግሥትም የሃንቦክ ቀን ሰየመ። ሙቀቱ ግን አልዘለቀም፤ ልብሱ በሻይ ቤት ባለቤቶችና በባህል ሙዚቃ አስተማሪዎች ላይ ብቻ የሚታይ ሆነ። በዚያው ዘመን ዲዛይነሯ ሊ ያንግ ሂ (1936–2018) ተቃራኒውን መንገድ ይዘው በ1993 ፓሪስ ላይ ትርዒታቸውን አቀረቡ። በኋላ ጆጎሪውን አስቀርተው ቺማውን ብቻ እንደ ምሽት ቀሚስ ማሳየታቸው በውጭ አድናቆት፣ በአገር ቤት ነቀፋ አተረፈላቸው። በ2005 በቡሳን በተካሄደው የእስያ ፓስፊክ አገሮች (ኤፔክ) ስብሰባ መሪዎች የለበሱት ዱሩማጊም የእሳቸው ሥራ ነበር።

ሕዝቡን በብዛት ያለበሰው ግን ሥነ ጥበብም ፖለቲካም አልነበረም፤ የመግቢያ ትኬት ነው። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሃንቦክ የለበሰ ሰው ጊዮንግቦክጉንግን የመሳሰሉ የሶል ቤተ መንግሥቶችን በነጻ ይገባል። የጊዮንግቦክጉንግ ትኬት ያኔ 3,000 ዎን ብቻ የነበረ ቢሆንም ማትጊያው ሠራ። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያና በጆንጁ ከተማ የሃኖክ (የባህላዊ ቤቶች) መንደር በሰዓት የሚያከራዩ ሱቆች ተደረደሩ፤ ወጣቶች ከጓደኞቻቸው ጋር ለብሰው ፎቶ መነሣትን ጨዋታ አደረጉት። ሱቆቹም ዓይን የሚስበውን አበዙ፦ በወርቅማ ቀለም የታተመ ጨርቅ፣ ከሥሩ ሽቦ ያለው ውስጥ ልብስ፣ በጀርባ የሚታሰር ትልቅ ሪባን። በ2018 የሶሉ የጆንግኖ ወረዳ አስተዳደር ነጻ መግቢያው ለእንዲህ ያለው ልብስ እንዳይሰጥ ሐሳብ አነሣ።

እዚህ ላይ ነቃፊዎቹን በቅንነት መስማት ይገባል። ከኪራይ ልብሱ አብዛኛው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው፤ ብዙው በርካሽ ውጭ አገር ተሰፍቶ የሚመጣ ነው። አንዲት የሶል ልብስ ሰፊ ለሳምንታት የምትደክምበትን ልብስ ዋጋ ከዚህ ጋር ማወዳደር አይቻልም። ስለ ሪባኑ መጮህ ቀላል ነው፤ ስለ ሰፊዋ ገቢ የሚጮኸው ግን ጥቂት ነው። ደንብ አውጪዎቹም ያተኮሩት መልክ ላይ ነበር፤ እንዲያውም መመሪያው ወንድ በወንድ፣ ሴት በሴት ልብስ ካልመጡ ነጻ መግቢያ ይከለክል ነበር። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ይህ አድልዎ ነው ካለ በኋላ አንቀጹ በሐምሌ 2019 ተሠረዘ።

የዕለቱን ሃንቦክ ጥያቄ በቁም ነገር የያዙት ከቤተ መንግሥቱ በር ርቀው የሚሠሩ ዲዛይነሮች ናቸው። በጆንጁ ሁዋንግ ኢ ሱል የደን ሀብት ተማሪ ሳለች በ2006 ሥራ ጀመረች፤ በ2014 «ሊሱል» የተባለውን መለያ አቋቋመች። ልብሷ ማሽን ውስጥ ይታጠባል፣ ከጂንስ ጋር ይሄዳል። የዘፋኞቹ ቡድን የቢቲኤስ አባል ጂሚን በ2018 መድረክ ላይ ሲለብሰው ስሟ ባሕር ተሻገረ። በ2019 ደግሞ የዚያው ቡድን አባል ጁንግኩክ የአንድ ሌላ አምራች ተራ የዕለት ሃንቦክ ለብሶ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታየ፤ ልብሱ ወዲያው ተሸጦ አለቀ። በዚህ ጸሐፊ ሚዛን ከመድረኩ ልብስ ይልቅ የአውሮፕላን ማረፊያው ልብስ ይመዝናል፤ ሃንቦክ ለጉዞ የሚመች ሆኖ የታየው እዚያ ነውና።

በ2020 ዳንሃ የተባለው የዲዛይን ቤት ለሴቶቹ የዘፋኝ ቡድን ለብላክፒንክ ባዘጋጀው ልብስ ላይ የንጉሣውያን መጠቅለያ ጨርቅ ጌጥ ነበረበት። አጠረ፣ ተራቆተ ተባለ። የሺን ዩን ቦክን ሥዕሎች ያየ ሰው ግን ክሱን በጥንቃቄ ይሰማዋል። ከሁሉ የሚያስተምረው ደግሞ የቾሊክ ታሪክ ነው። ቾሊክ ሸሚዙና ሽንሽኑ ወገብ ላይ የተጋጠመ የጆሶን ወታደራዊ ሹማምንት ልብስ ሲሆን ምንጩ የሞንጎሎች ልብስ ነው። የ«ቻይ ኪም» ዲዛይነር ኪም ያንግ ጂን ይህን የወንድ ልብስ ወደ ሴት ቀሚስ ለወጡት፤ ቀሚሱ እጅግ ከተወደዱትና ብዙ ከተኮረጁት ዘመናዊ ሃንቦኮች አንዱ ሆነ። ከውጭ የመጣ፣ ወንድ የለበሰው፣ ለፈረስ ግልቢያ የተመቸ ልብስ ዛሬ ለኮሪያዊት የቢሮ ሠራተኛ የአገር ልብስ ነው።

ታዲያ ባለሥልጣናቱ መስመር ለማስመር ለምን ይቸኩላሉ? አንዱ ምክንያት ከድንበር ማዶ ነው። በኅዳር 2020 «ሻይኒንግ ኒኪ» የተባለው የቻይና የስልክ ጨዋታ ሃንቦክ ሲያቀርብ፣ የቻይና ተጫዋቾች ልብሱ የእኛው ባህላዊ ልብስ ሃንፉ ነው ብለው ተነሡ፤ ኩባንያው ልብሱን አንሥቶ የኮሪያ አገልግሎቱን እስከ መዝጋት ደረሰ። በየካቲት 2022 በቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ ከአናሳ ብሔረሰቦች ተወካዮች መካከል ሃንቦክ የለበሰች ሴት ስትታይ ሶል ተቆጣች። በቻይና የሚኖሩት ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የሚበልጡ ኮሪያውያን ልብሳቸውን የመልበስ መብት አላቸው፤ ይህን ብዙ ተቆጪዎች ዘነጉት። እንዲህ ያለ ሙግት ግን ንጹሕና የማይለወጥ ሃንቦክ ይፈልጋል። የጎረቤታሞች ልብስ ታሪክ ደግሞ ንጽሕና አያውቅም፤ የጆሶን ሹማምንት ካባ ከቻይና ሲመጣ፣ ከጆሶን በፊት የነበረው የኮርዮ ዘመን አለባበስ በሞንጎሎች ቤተ መንግሥት ፋሽን ሆኖ ነበር።

በሐምሌ 2022 የሃንቦክ አኗኗር ብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ምዝገባው ባለቤት የሚሆን ባለሙያም ማኅበርም አልሰየመም፤ የተመዘገበው የሕዝቡ የመሥራት፣ የመልበስና ሥርዓቱን የመጠበቅ ልማድ ነው። ከዚያ በፊት በ1988 የተመዘገበው የመርፌ ሥራ ጥበብ ግን በስም የሚጠሩ ባለሙያዎች አሉት። ሁለቱ ምዝገባዎች ሁለት ዓይነት ጥበቃ ናቸው፤ መሐል ላይ የሚወድቀው ስምም ማዕረግም የሌለው ልብስ ሰፊ ነው፣ በሶሉ የጓንግጃንግ ገበያ ፎቅ ላይ ሐር ለክቶ የሚቆርጠው። የሃንሳን ሞሲም እንዲሁ ነው። ከሳማ ዘመድ ተክል የሚሠራው ይህ ስስ የበጋ ጨርቅ በ2011 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ ቃጫውን በጥርስ እየሰነጠቁ መፍተል ግን ዛሬም የአሮጊቶች ሥራ ነው።

በ2025 በኔትፍሊክስ የወጣው «ኬፖፕ ዲመን ሃንተርስ» የተሰኘ የካርቱን ፊልም ደግሞ «ጥንታዊ» የምንለው ቅርጽ ምን ያህል አዲስ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ነው። በፊልሙ ያሉት ክፉዎቹ ዘፋኞች ጥቁር ካባና ከፈረስ ጸጉር የሚሠራውን ጋት የተባለ ባርኔጣ ለብሰው፣ ነፍስ የሚወስዱትን የሙታን መልእክተኞች መስለው ይታያሉ። ተመልካቹ ምስሉን እንደ ጥንታዊ ቅርስ ተቀበለው። በአሮጌዎቹ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ሥዕሎች ላይ ግን መልእክተኞቹ ባለ ቀለም ልብስ የለበሱ ሹማምንት ናቸው፤ በሰፊው እንደሚነገረው ጥቁሩን ልብስና የገረጣውን ፊት ያለበሳቸው ከ1977 ጀምሮ በደቡብ ኮሪያው ጣቢያ በኬቢኤስ የታየ የቴሌቪዥን ድራማ ነው።