ዝገቱ የሚገባው ከሱቅ ነው

ኮምፒውተሩን በውኃ የሚያቀዘቅዝ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው ፍሳሽን ነው። ውኃና ኤሌክትሪክ በአንድ ሳጥን ሲያድሩ መፍራቱ አይገርምም። ይሁን እንጂ በእጅ የተገጣጠመ የውኃ መስመር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ወደ ውጭ በሚንጠባጠበው ሳይሆን ውስጥ ለውስጥ በሚሠራው ነው፤ በተበላ ብረት፣ በረጋ ቀለም፣ በዝልግልግ ነጭ ቆሻሻ። በዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ ይህ ሙያ ሥር ሰድዷል። ተጫዋቾች የየራሳቸውን ኮምፒውተር ተሸክመው የሚገናኙበት ኩዌክኮን የተባለው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት በጋርላንድ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነበር። ስለዚህ ማሽኑን አሳምሮ የሚሠራ ሰው እዚህ አይጠፋም። የሚጎድለው ሌላ ነው፦ መስመሩ ከዓመታት በኋላም ንጹሕ ሆኖ የሚቆየው በኋላ በሚጨመርበት መድኃኒት ሳይሆን ገና ዕቃው ሲገዛ በሚደረገው ምርጫ መሆኑን ማመን።

ከብረቱ እንጀምር። ሁለት ዓይነት ብረት አንድ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ በሌላ ወገን ከተነካካ ባትሪ ይሆናል፤ አንደኛው እየሟሟ ያልቃል፣ ሌላው ይተርፋል። የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚቀበለው ብሎክ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው፤ ሙቀቱን ወደ አየር የሚለቀው ራዲያተር ግን አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። የመዳብ የኤሌክትሮድ አቅም ከዜሮ በላይ 0.34 ቮልት፣ የአሉሚኒየም ከዜሮ በታች 1.66 ቮልት ነው፤ መካከላቸው 2 ቮልት ይሆናል። አሉሚኒየም በገጹ ላይ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ቢያግዘውም ሽፋኑ የተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ ለጥቃት ክፍት ነው። ይህ የመማሪያ መጽሐፍ ሒሳብ ብቻ አይደለም። በ1886 የተመረቀው የኒው ዮርኩ የነጻነት ሐውልት የመዳብ ቆዳና የብረት አጽም አለው፤ ሁለቱ እንዳይነካኩ መሀላቸው መለያ ተደርጎ ነበር። መለያው አርጅቶ እርጥበት ሲገባ ቆዳውን የያዙት የብረት ዘንጎች ተበሉ፣ ከ1984 እስከ 1986 በተደረገው እድሳትም በማይዝግ ብረት ተተኩ። ሐውልቱ ላይ መቶ ዓመት የፈጀው ነገር ያለ ዕረፍት በሚዘዋወር ሞቅ ያለ ፈሳሽ ውስጥ ያን ያህል አይጠብቅም።

የጎማ ቱቦ እየለያቸው እንዴት ይነካካሉ የሚል ይኖራል። ራዲያተሩ በብሎን የሚታሰረው ከብረቱ ሳጥን ጋር ነው፤ ብሎኩም በማዘርቦርዱ በኩል ከዚያው ሳጥን ጋር ሊገናኝ ይችላል። ባይገናኝም እንኳ ከመዳቡ በጥቂቱ የሟሟው በውኃው ተጉዞ አሉሚኒየሙ ላይ ያርፋል። ያረፈበት ነጥብ ሁሉ ራሱን የቻለ ትንሽ ባትሪ ይሆንና አሉሚኒየሙን ይበሳዋል። ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ ከፋብሪካ ታሽገው የሚመጡት ማቀዝቀዣዎች አብዛኞቹ የአሉሚኒየም ራዲያተርና የመዳብ ገጽ ይዘው ለዓመታት ይሠራሉ። እውነት ነው። የሚያኖራቸው ዝገት መከላከያው ነው፤ እሱ ግን ያልቃል። ፋብሪካው መጠኑን ለክቶ፣ አየር እንዳይገባ አሽጎ፣ ለተወሰነ ዕድሜ አስቦ ነው የሚሸጠው። በእጅ የተሠራ መስመር ይከፈታል፣ ይሞላል፣ ዕቃ ይቀየርለታል፤ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ኦክስጅን ይገባል፣ ውኃ በተጨመረ ቁጥር መከላከያው ይቀጥናል። መዳብ፣ ናስና ኒኬል ብቻ ያለበት መስመር ይህን መቅጠን በመጠኑ ይታገሣል፤ አሉሚኒየም የተቀላቀለበት አይታገሥም። ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም የሆነ መስመር በራሱ ነውር የለበትም፤ ኢኬ የተባለው አምራች በ2017 እንዲህ ያለ ስብስብ አውጥቶ ነበር። ጥፋቱ መደባለቁ ላይ ነው።

ወደ ውኃው ስንመጣ የሰሜን ቴክሳስን ሰው የሚያሳስተው የቧንቧው ውኃ ጥሩ መሆኑ ነው። ጋርላንድ፣ ፕሌኖ፣ ሪቻርድሰንና ሜስኪት የሚያገኙት ከላቨን ሐይቅና ከሌሎች ምንጮች ተጣርቶ በክሎራሚን የታከመ ውኃ ነው፤ በየዓመቱ በማርች ገደማም የማከፋፈያ ቧንቧዎቹ ንጽሕና እንዲጠበቅ ለጥቂት ሳምንታት ክሎሪን ብቻ ይገባበታል። ታዲያ ይህ ውኃ የቤቴን የመዳብ ቧንቧ ለብዙ ዓመት ካልበላ ብሎኬን ለምን ይጎዳል? ጥያቄው ጥሩ ነው፣ መልሱም እዚያው ውስጥ አለ። የ1991ዱ የፌዴራል የእርሳስና የመዳብ ደንብ የውኃ ድርጅቶች የቧንቧን መበላት እንዲቆጣጠሩ ያስገድዳል፤ ቧንቧን ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱም ውስጡ የሚለጠፈው ስስ የማዕድን ቅርፊት ነው። በግማሽ ኢንች ቧንቧ ውስጥ ይህ ቅርፊት በረከት ነው። በብሎኩ ውስጥ ግን ውኃው የሚያልፈው ስፋታቸው ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ በማይሞላ ቦዮች ነው፤ ቧንቧውን ያዳነው ቅርፊት እዚያ ውታፍ ይሆናል። የወጥ ቤት የከሰል ማጣሪያ ጣዕም ያስተካክል ይሆናል እንጂ የሟሟ ካልሲየም አያስቀርም። መንገድ ዳር ካለ ወንዝ ቀድቶ ራዲያተሩን የሚሞላ የጭነት መኪና ሹፌር ቢቸግረው ነው፤ ዲስቲልድ ውኃ በየግሮሰሪው በጋሎን በሚሸጥበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ምክንያት አያገለግልም።

ዲስቲልድ ውኃ ብቻውን ይበቃል የሚሉም አሉ። ንጹሕ ውኃ ኤሌክትሪክ እምብዛም ስለማያስተላልፍ ብረት አይበላም ይላሉ። ንጽሕናው ግን ከዕቃው እስኪቀዳ ድረስ ነው። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀበል ፒኤቹ ወደ 5.6 ይወርዳል፣ ከነካው ብረትም ጥቂት ጥቂት ያሟሟል፤ አልጌና ባክቴሪያን የሚከለክል ነገር ደግሞ የለውም። ስለዚህ ቤንዞትሪያዞልን የመሰለ የመዳብ መከላከያና ፀረ ተሕዋስ ያለበትን፣ ለመዳብና ለኒኬል ተብሎ የተዘጋጀ ቀለም አልባ ቅይጥ እመርጣለሁ። አንድ ሰሞን አልጌን ለመግደል የብር ሽቦ ጠቅልሎ መስመሩ ውስጥ መክተት ፋሽን ነበር። ኒኬል የተለበጠ ብሎክ ላላቸው ሰዎች ይህ የአልጌን ችግር በብረት ችግር መለወጥ ነው።

ነጩን ዝልግልግ ቆሻሻ ያየ ሰው ፈሳሹን ይረግማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው ቱቦው ነው። ጥርት ያለው ለስላሳ የፒቪሲ ቱቦ የሚተጣጠፈው በተቀላቀለበት ማለስለሻ ኬሚካል ነው። ሞቃት ፈሳሽ፣ በተለይ ግላይኮል ያለበት፣ ኬሚካሉን ቀስ እያለ ያወጣዋል፤ ቱቦው ይደነድናል፣ ይደፈርሳል፣ የወጣውም ብሎኩ ውስጥ ይከማቻል። የአካባቢው አየር የሚያባብሰው እዚህ ላይ ነው። በ2011 ዳላስ ፎርት ዎርዝ ላይ ሙቀቱ 100 ፋራናይት (38 ሴንቲግሬድ ገደማ) ወይም ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ቀናት 71 ነበሩ። ቤቱ ኤሲ ቢኖረውም ሰው ለሥራ ሲወጣ ለቁጠባ የሙቀት መጠኑን ከፍ አድርጎ ይሄዳል፤ የመስመሩ ፈሳሽ ደግሞ ከክፍሉ አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። ጥቁሩ የኢፒዲኤም ጎማ ቱቦ ይህ ጣጣ የለበትም። ውስጡ ካልታየ ምን ውበት አለው ለሚል ሰው ጠንካራው የአክሪሊክ ቱቦ አለለት። ወተት የመሰሉት ድፍን ፈሳሾች ግን ቀለማቸው በውኃው ላይ የተንሳፈፈ ድቃቂ ብናኝ ነው፤ የተንሳፈፈ ነገር ደግሞ አንድ ቀን ይረጋል። ለውድድር ወይም ለፎቶ ከሆነ አልቃወምም፣ አሳይቶ ማጠብ ነው። ቀን ከሌት ለሚሠራ ማሽን ግን አልመክርም።

ምርጫው ካማረ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው። አዲስ ራዲያተር ሲበየድ የቀረ ኬሚካልና ፍርፋሪ ይዞ ይመጣል፤ የሞቀ ዲስቲልድ ውኃ ጨምሮ ደጋግሞ መናጥና በቡና ማጣሪያ ወረቀት ላይ እየደፉ ፍርፋሪ መጥፋቱን ማየት ይበቃል። ኮምጣጤ አሲድ ነውና ኒኬል ወዳለበት ባይደርስ ይሻላል። ከዚያ በኋላ የፈሳሹን ሙቀትና የፕሮሰሰሩን ሙቀት ለያይቶ መመዝገብ ነው። በተመሳሳይ ሥራ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከወር ወር ከሰፋ፣ ብሎኩ እየተዘጋ ወይም በሥሩ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት እየደረቀ ነው። ፈሳሹ ራሱ ከክፍሉ አየር እየራቀ የሚሞቅ ከሆነ ራዲያተሩ አቧራ ይዟል ወይም ፓምፑ ደክሟል። የመዳብ ገጽ ቡናማ መሆኑ አያስደነግጥም፤ የሳሳ ወይም የተላጠ ኒኬል ግን መስመሩን ፈትቶ ማየት ይጠይቃል።

ራዲያተር ለመግዛት ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሳጥኑን አገላብጦ ከምን እንደተሠራ ያንብብ፤ የብረቱ ስም ያልተጻፈበት ከሆነ ይተወው።