ኮርዱ የተለወጠ ዘፈን ሲመዘን

የታወቀ ዘፈን ኮርዱ ተለውጦ ወደ ጃዝ ወይም ወደ ሌላ ስልት ሲሻገር እኔ አስቀድሜ የማዳምጠው ቤዙን ነው። እርስዎም ዜማውን እያንጎራጎሩ ጆሮዎን ለቤዙ ብቻ ይስጡት። ሌላው ሁሉ ቢቀር ዜማና ቤዝ ተደጋግፈው ዘፈን ከሆኑ አቀናባሪው አስቦ ሠርቷል። ቤዙ ወዴት እንደሚሄድ ካልታወቀ ግን ከላይ የሚደረደረው የፒያኖ ጌጥ ሥራውን አያድነውም።

አንድ ድምፅ ከሥሩ በሚመታው ኮርድ ጠባዩን ይለውጣልና። ዘፋኙ ዶን ይዞ ሳለ ፒያኖው ዶ ሜጀር ቢመታ ድምፁ ያርፋል። ላ ማይነር ቢመታ ያው ዶ ያዝናል፤ ሬ ሰቨን ቢመታ ደግሞ እዚያው መቆየት ይከብደዋል፣ ወደ ሲ መውረድ ይፈልጋል። ዘፋኙ ከቦታው አልተነቃነቀም። ብልህ አቀናባሪ ይህን አቅም ግጥሙ ለሚዞርበት ስንኝ ወይም ለአዝማቹ መመለሻ ያስቀምጠዋል። በየቃሉ አዲስ ኮርድ የሚደረድር ሰው ችሎታውን ያሳየን ይሆናል፣ ዘፈኑን ግን ሸፍኖብናል።

የጃዝ ሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬን እ.ኤ.አ. በ1960 የቀዳው «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» ለዚህ ጥሩ መምህር ነው። ዘፈኑ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በብሮድዌይ መድረክ የተሰማ ቀላል የቫልስ ዜማ ነበር። ኮልትሬን ዜማውን በሶፕራኖ ሳክስፎን ይጫወተዋል፤ ሶሎው ሲጀምር ግን የቀድሞው የኮርድ ሰልፍ ይቀርና ፒያኒስቱ ማኮይ ታይነር በሚ ማይነርና በሚ ሜጀር ዙሪያ ለረጅም ጊዜ ይመላለሳል። ኮርድ ተቀንሶ ስልቱ ተለወጠ። ቀረጻው 14 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ አንዱም ደቂቃ አይበዛም።

ወደ እኛ ቅኝቶች ስንመጣ ፈተናው ይከብዳል። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋና ሲ የሉበትም። የምዕራቡ ሙዚቃ ወደ ዶ ለመመለስ የሚወደው ሶል ሰቨን ደግሞ ሁለቱንም ይዞ ይገባል። እሱን ሳያስቡ በየመዝጊያው የሚመቱ ሰዎች ትዝታውን ስኳር እንደፈሰሰበት ሽሮ ያደርጉታል። መውጫው ከቅኝቱ ውስጥ አለ፦ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ ብለው በአራት በአራት ድምፅ ርቀት ቢደረድሯቸው አምስቱም ድምፆች ይገኛሉ፣ ባዕድ የለም። ሬ፣ ሶል፣ ዶ ብቻውን በግራ እጅ ሲያዝ ድምፁ ዘመናዊ ነው፤ ትዝታም ትዝታ ሆኖ ይቀራል። ሙላቱ አስታጥቄ በለንደንና በቦስተን ተምረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኒውዮርክ ኢትዮ ጃዝን ሲያዋልዱ የያዙት ጉዳይ ይኸው ነበር፦ አምስቱን ድምፅ ከአሥራ ሁለቱ ጋር ማኖር፣ ቅኝቱ ሳይጠፋ። ባዕድ ድምፅ ፈጽሞ አይግባ አልልም። ሲገባ ግን ታስቦ መግባቱ ይሰማ።

አንቺ ሆዬ ከሁሉም ይጠነክራል። ዶ ላይ ሦስተኛም ሆነ ትክክለኛ አምስተኛ ድምፅ ስለሌለው ከራሱ ድምፆች ዶ ሜጀርም ዶ ማይነርም አይሠራም። በግድ ኮርድ ካለበሱት አቀናባሪዎች ይልቅ ቤዙን ዶ ላይ አቁመው ማሲንቆውን የለቀቁትን እመርጣለሁ።