ቬሎው ሲወልቅ የሚለበሰው ቀሚስ

በየአውላሙ የምናየው የሙሽሮቻችን አለባበስ አንድ መልክ እየያዘ መጥቷል። ሙሽሪት ለሑፓው ነጭ ቬሎ ትለብሳለች፤ ምሽቱ ሲጋመስ ቬሎው ይወልቅና የሀበሻ ቀሚስ ይመጣል። ቬሎውን አንነቅፍም፤ ብዙውን ጊዜ የኪራይ ነው፣ በማግስቱ ይመለሳል። ቅሬታችን በቀሚሱ ላይ ነው።

ጥበብ እየተባለ ከሚሸጠው ብዙው በሸማኔ እጅ የተሠራ ሳይሆን ጥበብ መስሎ በማሽን የታተመ ጨርቅ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ጨርቁን መገልበጥ ይበቃል። እውነተኛው ጥበብ ከድርና ማጉ ጋር አብሮ ስለሚሸመን በጀርባውም ይታያል፤ የታተመው ግን ከኋላው የደበዘዘ ወይም ባዶ ነው። ሻጩ ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል፣ አንዳንዴም በአንድ ዋጋ! በጎንደር መንደሮች ከአባቶቻችን ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ እናቶቻችንም ጥጥ ፈታዮች ነበሩ። የእነርሱ ልጅ በሠርጓ ቀን ለታተመ ጨርቅ ብላ ቤተሰቧን ዕዳ ውስጥ ስታስገባ ዝም ማለት ይከብደናል።

ቄሱ በሙሽራው ግንባር ላይ የሚያስሩት ነጭና ቀይ ክርም እንዲሁ ሆኗል። ነጩ የወንዱን፣ ቀዩ የሴቷን ንጽሕና ያመለክታል፤ በአንዳንድ ሠርግ ግን በሁለት ዘፈን መሐል ለካሜራ ተብሎ ይታሰርና ይፈታል፤ ወጣቶቹም ትርጉሙን ሳይሰሙ ያጨበጭባሉ።

ዳርና ዳሩ ላይ ቀጭን ጥበብ ያለው ነጭ የሸማ ቀሚስ ለሙሽሪት ቀላል ነው፤ ስትጨፍርም አይከብዳትም። በኅዳር ስግድ ሲመጣም መልሳ ትለብሰዋለች።